የቆሮሶ ጥብሴን ያስቀራችሁብኝ እናንተ ናችሁ

ይድረስ ለስፖርት ገጽ አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከባሕር ዳር፣ ከሽንብጥ ነው። ጋዜጣችሁን መግዛት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ለአዘጋጅ ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ያስጻፈኝ ደግሞ ዓሣ ነው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ሰፈራችን ውስጥ መንገድ ዳር አንዲት የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ አለች። እናንተ በኦሎምፒክ ሰሞን ትዝ ሲላችሁ «ጠረጴዛ ቴኒስ» ትሉታላችሁ፤ እኛ ጋ ፒንግ ፖንግ ነው። ላይዋ ችፑድ፣ እግሯ ብረት፣ በመረብ ፋንታ መሃሏ ላይ ጣውላ ተጋድሞባታል። አንድ ጌም አምስት ብር ነው። የተሸነፈ ይከፍላል፣ ያሸነፈ ይቆያል። ከሥራ ስወጣ ሁለት ሦስት ጌም ሳልመታ ቤቴ አልገባም፤ ባለቤቴም ተቆጥታ ተቆጥታ ትታዋለች።

እዚያች ጠረጴዛ ላይ የማልችለው አንድ የባጃጅ ሹፌር አለ። ልጁ ግራኝ ነው። ግራኝ በመሆኑ ብቻ የቻይናው ዋንግ ቹቺን ደጋፊ ሆኗል፣ እሱም ግራኝ ነውና። ቡሄ ዕለት እኔን 11 ለ 4 ካራገፈኝ በኋላ ራኬቱን እያወዛወዘ «ጋሼ፣ በዚህ ጨዋታ ከቻይና ውጭ ያለው ሁሉ አጃቢ ነው» አለኝ። ተናደድኩ፤ መሸነፌም አለበት እንግዲህ። «ዘንድሮ በፋሲካ ዕለት የዓለም ዋንጫውን ብራዚላዊ ወሰደ እኮ» አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ። «ጋሼ፣ ያ እግር ኳስ ነው» አለ አንዱ ከዳር ሆኖ። በዚሁ ውርርድ ያዝን፤ የተሳሳተ ሰው ሐይቁ ዳር ሄዶ የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ ሊጋብዝ።

ስልኬን አውጥቼ ቪዲዮውን አሳየሁት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጋሼ፣ ቪዲዮ እኮ ዛሬ በኤአይ ይሠራል። ጋዜጣ ላይ ያሳዩኝና እከፍላለሁ።»

እኔም ተማምኜ ቤት ሄድኩ። ባለቤቴ ለመደርደሪያ ማንጠፊያ ያስቀመጠችውን የእናንተን ጋዜጣ ክምር አወረድኩ። ከሚያዝያ 12 ቀን 2017 በኋላ ያለውን አንድ በአንድ ገለጥኩ። የእንግሊዝ ሊግ አለ። ማን ወደየት እንደሚዛወር፣ ማን እንደሚባረር፣ ሁሉም አለ። የአንድ ተከላካይ ጉልበት ብቻ ሦስት ሳምንት ተዘግቦለታል። ስለ ፒንግ ፖንጉ ግን አንድ መስመር የለም። ቆሮሶዬ እዚያ ላይ ቀረ።

ስለዚህ እናንተ ያልጻፋችሁትን እኔ ልንገራችሁ።

ያ ብራዚላዊ ሁጎ ካልዴራኖ ይባላል። የዓለም ዋንጫው ማካው ነበር። በሩብ ፍጻሜ የጃፓኑን ቶሞካዙ ሃሪሞቶ አሸነፈ፤ ሃሪሞቶ ያኔ የዓለም ሦስተኛ ነበር። በግማሽ ፍጻሜ ዋንግ ቹቺንን 4 ለ 3 አሸነፈ፤ ዋንግ ያኔ የዓለም ሁለተኛ ነበር። በፍጻሜ ሊን ሺዶንግን 4 ለ 1 አሸነፈ፤ እሱ ደግሞ ያኔ አንደኛው ነበር፣ ገና በ19 ዓመቱ አንደኛ የሆነ ልጅ። ሦስተኛ፣ ሁለተኛ፣ አንደኛ፤ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው። ከዋንጫው መጀመር ከ1980 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ከእስያና ከአውሮፓ ውጭ የመጣ ሰው ሲወስደው የመጀመሪያው ነው። እኔ በሩ ተዘግቶ፣ ዶሮው ቀርቦ፣ በአንድ እጄ እየጎረስኩ በሌላው ስልኬን ይዤ ነው ያየሁት። ከአምስት ሳምንት በኋላ ዶሃ ላይ በዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ይኸው ሰውዬ ከዋንግ ጋር እንደገና ተገናኘ፣ ዋንግ 4 ለ 1 አሸነፈው። ይኼንንም ለሹፌሩ ነግሬዋለሁ። ሐቅ ሐቅ ነው።

ሹፌሩ ጨርሶ ተሳስቷል ማለቴም አይደለም። ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ አምስቱንም ወርቅ የወሰደችው ቻይና ናት። በሴቶቹ ሱን ዪንግሻ ማካውም ዶሃም አሸንፋለች፤ ዶሃ ላይ ግን የአገሯ ልጅ ዋንግ ማንዩ እስከ 4 ለ 3 አድርሳ አስጨንቃታለች። የ2025ን (እ.ኤ.አ.) ዓመት ጣፋጭ ያደረገው ግን የእነሱ ማሸነፍ ሳይሆን አልፎ አልፎ መሸነፋቸው ነው።

ወደ ፓሪስ ከገባን አይቀር፣ እዚያ የሆነውን የማያውቅ ይኖራል። ዋንግ በድብልቅ ጥንድ ከሱን ዪንግሻ ጋር ወርቅ አገኘ። ፎቶ አንሺዎች ሲጋፉ አንዱ ራኬቱን ሰበረበት። በማግስቱ በተቀያሪ ራኬት ገብቶ በስዊድኑ ትሩልስ ሞሬጎርድ 4 ለ 2 ተሸነፈ፣ ገና በ32ቱ ዙር። ግራኙ ሹፌር ይኼንን በቃሉ ያውቀዋል። «ራኬቱ ተሰብሮ እንጂ ያ ስዊድን አይነካውም ነበር» ይላል ሁልጊዜ። እኔም ስለ ራኬት አዝንለታለሁ፤ የአንዱ ራኬት ለሌላው እጅ እንደ ሰው ጫማ ነው።

እንግዲህ ያው ትሩልስ ነሐሴ 18 ምን አደረገ መሰላችሁ። ውርርዱ በተያዘ በአምስተኛው ቀን ማለት ነው። ግራንድ ስማሽ ከሚሏቸው ትልልቅ ውድድሮች አንዱ፣ የአውሮፓ ስማሽ የሚባለው፣ ስዊድን ውስጥ ማልሞ ላይ ነበር። ፍጻሜው ላይ ዋንግንና ትሩልስን አገናኘ፣ በትሩልስ አገር፣ በትሩልስ ሕዝብ ፊት። ስድስት ማዕዘን ባላት ራኬቱ (አዎ፣ ስድስት ማዕዘን ናት፣ ክብ አይደለችም፣ ሕጉም አይከለክልም) 4 ለ 2 አሸነፈው። የዋንግ ራኬት ያን ዕለት ሙሉ ነበረች። በወንዶች ነጠላ ግራንድ ስማሽ ከቻይና ውጭ ያለ ሰው ሲያሸንፍ ያ የመጀመሪያው ነው። ሹፌሩ ከፍጻሜው በፊት «ዋንግ ካልወሰደ ሁለተኛ ሳህን እጨምራለሁ» ብሎ ነበርና አሁን ዕዳው ሁለት ሆኗል። መልሱ ግን ያው ነው፤ «ጋዜጣ ያምጡ።»

የላስ ቬጋሱን ግራንድ ስማሽ ደግሞ ስሙት። ሐምሌ ላይ ነው። ሴቶቹን ዡ ዩሊንግ አሸነፈች። እሷ ድሮ ለቻይና ስትጫወት የዓለም አንደኛ የነበረች ናት። ታመመች፣ ከጨዋታ ራቀች፣ ዩኒቨርሲቲ አስተማረች። አለቀላት ተብሎ ነበር። ከዓመታት በኋላ በስፖርት በራሷ ስም የምትወዳደረውን ማካውን ወክላ ተመለሰችና ግራንድ ስማሽ በላች። ይኼ ዜና ከዚያ ተከላካይ ጉልበት ያንሳል?

አሁን ትንሽ ስለ አሠራሩ ልበል፣ አንዳንዱ አንባቢ «ምንድነው ይኼ ሁሉ ስማሽ» ሊል ይችላል። ከ2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ውድድሩን ወርልድ ቴብል ቴኒስ የሚባለው የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ድርጅት ነው የሚያካሂደው። ግራንድ ስማሽ ያሸነፈ 2,000 ነጥብ ያገኛል። ከእሱ በታች ያሉት ውድድሮች ደግሞ፦ ቻምፒዮንስ 1,000፣ ስታር ኮንቴንደር 600፣ ኮንቴንደር 400። ከዚያም በታች አለ። ነጥቡ ግን በ12 ወር ይሞታል፤ የሚቆጠርልህም የዓመቱ ምርጥ 8 ውጤትህ ነው። ስለዚህ ቁጭ ብለህ ያለፈውን ድልህን እየበላህ መኖር አይቻልም። ይኼ ደስ ይለኛል። የማይዋጥልኝ ቅጣቱ ነው። ታኅሣሥ 2017 ላይ የፓሪሶቹ ባለወርቅ ፋን ዠንዶንግና ቼን ሜንግ ከዓለም ደረጃው በቃን ብለው ወጡ፤ ምክንያታቸው አንድ ነው፣ ውድድር ሲቀሩ የሚጠየቁት መቀጮ። ፋን በ2025 (እ.ኤ.አ.) ጀርመን ሄዶ ለዛርብሩከን ክለብ መጫወት ጀመረ። የዓለምን ምርጥ ሰው በመቀጮ አስመርሮ ማባረር ምን ይባላል? ባለ ጠረጴዛችን እንኳ ሁለት ቀን የቀረን ሰው «ምነው ጠፋህ፣ ደህና ነህ?» ብሎ ነው የሚቀበለው።

ለአፍሪካዊ ደግሞ ይኼ የነጥብ ነገር የትኬት ነገር ነው። ካይሮ ወይም ሌጎስ ያለ ልጅ ስምንት ጥሩ ውጤት ለመሰብሰብ ስንት አውሮፕላን መሳፈር አለበት? አህጉራችን ላይ የሌጎስና የቱኒስ ኮንቴንደሮች አሉ፣ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ባሕር ማዶ ነው። እንዲያም ሆኖ የግብጹ ኦማር አሳር ቶኪዮም ፓሪስም ኦሎምፒክ ሩብ ፍጻሜ ገብቷል። የናይጄሪያው ኳድሪ አሩና ሪዮ ላይ እንዲሁ። ሁለቱም አውሮፓ ክለቦች ውስጥ ተጫውተው ነው እዚህ የደረሱት። የአፍሪካ ሻምፒዮናው ጥቅምት 2017 እዚሁ አዲስ አበባ ሲካሄድ እኔ የሰማሁት ካለቀ በኋላ ነው፣ ያውም ከዘመድ። አዲስ አበባ ማለት እኮ የእናንተ ቢሮ ያለበት ከተማ ነው።

እኛ ጋ ስላለው ጨዋታም አንድ ሁለት ነገር ልበላችሁ፣ የማንበብ ፍላጎት የለም እንዳትሉኝ። ማታ ማታ ሰፈራችን ብትመጡ ተራ የሚጠብቅ ልጅ ድንጋይ ላይ ተደርድሮ ታያላችሁ። ኳሷ 2.7 ግራም ናት። ከሰዓት በኋላ ከጣና ነፋስ ሲነሳ ያቺ ኳስ የራሷ ሐሳብ ይኖራታል፤ ቀኝ የመታሃት ግራ ትሄዳለች። ልጆቹ ግን ነፋሱን አስልተው ነው የሚመቱት። አንዱ ጩጬ ሆን ብሎ ነፋስ እስኪመጣ ኳሷን ሲያነጥር ቆይቶ ነው ሰርቭ የሚያደርገው፣ አቤት ስንቱን ሰው አስለቅሷል። የራኬት ጎማ ሲላቀቅ ሊስትሮው ጋ ወስደን በማስቲሽ እናስለጥፋለን። ትልልቆቹም ድሮ ኳሷ እንድትፈጥን ብለው ከጨዋታ በፊት የሚተን ኬሚካል ያለው ማጣበቂያ ይቀቡ ነበር፤ ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለጤና አይበጅም ተብሎ ተከልክሏል። በዚያ ሕግ ቢፈርዱብን ከሽንብጥ አንድ ተጫዋች አይተርፍም። ሽማግሌዎቻችን ደግሞ እስከ ዛሬ በ21 ካልተጫወትን ይላሉ፣ ዓለም ወደ 11 ከዞረ ከ2001 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ስንት ዓመቱ ነው። ማንም አልነገራቸውማ! በየት ያንብቡት?

«ስልክ አለ፣ ዩቲዩብ አለ» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው፣ እኔም የማየው በዚያው ነው። ግን ክልላችን ውስጥ የሞባይል ዳታ በተዘጋበት ጊዜ የነበሩን ሬዲዮና እናንተ ብቻ ነበራችሁ። ያኔ ጋዜጣችሁ በሁለት ሦስት ቀኗ ስትደርስ አንድ ቅጂ ለአስር ሰው ነበር የምትነበበው። ዛሬም ቢሆን ያ ሹፌር ስልኩን አያምንም፣ እናንተን ግን ያምናል። እኔ ብሆን በዚህ እኮራ ነበር።

ሙሉ ገጽ አልጠየቅኩም። ከዝውውር ወሬው ጥግ ላይ የጣት ያህል ቦታ ቆርሳችሁ ማን ማንን ስንት ለስንት እንዳሸነፈ ጻፉልን። ቤጂንግ ላይ መስከረም 25 ቀን 2018 የተጠናቀቀውን ግራንድ ስማሽ እንኳ ብትጀምሩበት፣ ዋንግ ፈረንሳዊውን ፌሊክስ ሌብረንን በፍጻሜ አሸንፏል፣ በሴቶቹ ዋንግ ማንዩ ወስዳለች። ይኼ ለሹፌሩ የሚመች ዜና ነው፤ ያም ሆኖ አትሙት፣ አልጎዳበትም።

የዓመቱ መዝጊያ ውድድር ሆንግ ኮንግ ላይ ከታኅሣሥ 1 እስከ 5 ቀን 2018 ነው። በዓመቱ የተሻሉት ብቻ ናቸው የሚገቡት፣ በነጠላ 16 ወንድ፣ 16 ሴት። ሹፌሩ ከወዲሁ ዋንግን ይዟል። እኔ ማንን እንደያዝኩ አሁን አልናገርም፣ ይኼን ደብዳቤ ካተማችሁት እሱም ያነበዋልና። የማካውንና የማልሞን ውጤት ግን ከእኔ ደብዳቤ ሥር በራሳችሁ ስም አንድ መስመር ጨምሩልኝ፤ የእኔን ጽሑፍ «ይኼማ የራስዎ ነው» ብሎ እንደማይቀበለው አውቃለሁ። የሆንግ ኮንጉም ሲያልቅ እንዲሁ። ወሩ የነቢያት ጾም ላይ ስለሚውል በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር መነሳቱ አይቀርም፤ እሱን እኛው ሐይቁ ዳር ተቀምጠን እንጨርሰዋለን።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከሽንብጥ፣ ባሕር ዳር