ወረቀቴን የሚያነብ ጠፋ፦ ግልጽ ደብዳቤ ለጤና ኃላፊው

ለተከበሩ የጤና ኃላፊ
ድሬዳዋ

ይህ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ስለደረሰብኝ ነገር ለእርስዎ የምጽፈው አራተኛ ደብዳቤ ነው። ሦስቱን በመዝገብ ቤት በኩል አስገብቻለሁ። ማኅተም የተመታባቸው ቅጂዎች ቤቴ አሉ። መልስ ግን የለም። «ተመርቷል» ተባልኩ። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልኩ። በመጨረሻ አንድ ሠራተኛ እንዲህ አሉኝ፦ «እህቴ፣ ያንቺ በሽታ ብርቅ ነው። ለአንድ ሰው ተብሎ አሠራር አይቀየርም።» ሰው ሁሉ በሚያነብበት ቦታ የምጽፍልዎ ለዚህ ነው።

በ2017 ዓ.ም. መስከረም ላይ ወባ ያዘኝ። ወባ ለድሬ ሰው ምን እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርም። የእኔ ትኩሳት ግን ከሌላው ሰው ይለያል። ሰውነቴ ኮርቲሶል የሚባለውን ሆርሞን በበቂ መጠን አያመርትም። ጤነኛ ሰው ሲታመም ሰውነቱ ራሱ ይጨምርለታል። እኔ የምጨምረው በክኒን ነው፤ ትኩሳት ሲይዘኝ የፕሬድኒሶሎኑን መጠን እጥፍ አደርጋለሁ። ካስመለሰኝ ክኒኑም አብሮ ይወጣል። ያኔ መርፌ ካላገኘሁ ግፊቴም ስኳሬም ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ያለው ሞት ነው።

ያን ሌሊት አስመለሰኝ። ባለቤቴ ከሳቢያን በባጃጅ ይዞኝ ወጣ። ልጃችንን የምንተውላት ሰው ስላልነበረ እሷም አብራን መጣች። ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነበር። ሐኪሜ የጻፈልኝን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልዬ ከቦርሳዬ አላወጣውም። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ነው የተጻፈው፦ ትውከት ወይም ከባድ ትኩሳት ካለባት ሃይድሮኮርቲዞን 100 ሚሊግራም ወዲያውኑ በመርፌ ይሰጣት። ከሥሩ ፊርማና ማኅተም አለው።

ባለቤቴ ወረቀቱን አሳየ። «መጀመሪያ ካርድ አውጣ፣ ክፈል» አሉት። ከፍሎ ተመለሰ። «ይሄ የሌላ ሆስፒታል ወረቀት ነው፤ በእሱ አንሠራም» አሉት። ቆመ፣ ለመነ፣ ጮኸ። ጥበቃ ጠሩበት። እኔ አግዳሚ ወንበር ላይ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም። የነገረችኝ ልጄ ናት። የ9 ዓመት ልጅ እናቷ ስትንቀጠቀጥና ዝም ስትል አየች።

ወደ 10 ሰዓት ገደማ አንዲት ነርስ ወረቀቱን ከባለቤቴ እጅ ተቀብላ አነበበችው። መደርደሪያውን ከፈተች። መድኃኒቱ እዚያው ነበር፤ ለአስም ሕመምተኞች ሁልጊዜ የሚያስቀምጡት ነው። ወጋችኝ፣ ግሉኮስ ሰቀለችልኝ፣ ነቃሁ። ለዚህ ነው 3 ሰዓት የጠበቅነው። የመድኃኒት እጥረት ቢሆን ኖሮ እረዳ ነበር። ድንገተኛ ሕመምተኛ ቅድሚያ ክፍያ ሳይጠየቅ መታከም እንዳለበት ደግሞ ከእኔ በላይ እርስዎ ያውቁታል።

አሁን ስለዚያ «ብርቅ» ስለተባለው ነገር።

ልጄን የወለድኩት በ2008 ዓ.ም. ነው። ከወለድኩ በኋላ ክፉኛ ደም ፈሰሰኝ። የመውጫ ወረቀቴ ላይ 4 ዩኒት ደም እንደተሰጠኝ ተጽፏል። ተረፍኩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን ጡቴ ወተት አልነበረውም። አጥሚት ጠጣሁ፣ አብሽ ጠጣሁ። ጠብ የሚል ነገር ጠፋ። አማቴ «ልጄ፣ አትጨነቂ፤ ጭንቀት ነው ወተቱን ያደረቀው» ይሉኝ ነበር። የባለቤቴ ደመወዝ በጣሳ ወተት አለቀ።

ከዚያ የወር አበባዬ ሳይመለስ ቀረ። በ27 ዓመቴ «ቀድመሽ አርጠሽ ይሆናል» ተባልኩ። የብብቴ ፀጉር ረገፈ። ይህን በአደባባይ መጻፍ ቀላል አይደለም፤ ግን አንዲት ሴት አንብባ ራሷን ብታውቅ ይሻለኛል። ደግሞ ብርዱ! በግንቦት፣ ድሬ እንደ ምድጃ ስትነድ፣ እኔ ጋቢ እደርብ ነበር። ጎረቤቶቼ «አቦ፣ እኛ ልንቀልጥ ነው፤ አንቺ ምን ሆነሽ ነው?» ይሉኝ ነበር። ጠበል ሄድኩ። የደም ማነስ ነው ተብዬ የአይረን ክኒን ዋጥኩ። የድብርት መድኃኒትም ተሰጠኝ። የታይሮይድ ምርመራ አንድ ጊዜ ታዘዘልኝ፤ ታይሮይድን የሚያዘው ሆርሞን፣ ቲኤስኤች፣ ብቻ ታየና «ደህና ነው» ተባለ። ይህን ሆርሞን የምታመነጨው፣ ከአንጎል ሥር ያለችው አዛዧ እጢ ራሷ ስትጎዳ ቲኤስኤች ደህና መስሎ ሊታይ እንደሚችል ያወቅኩት በኋላ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ሐረር ላይ አንድ ወጣት ሐኪም ጠየቀኝ። «ከወለድሽ በኋላ ወተት ነበረሽ?» አለኝ። 7 ዓመት ሙሉ ይህን የጠየቀኝ ሐኪም አልነበረም። እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀስኩ። የመውጫ ወረቀቴን አሳየሁት፤ ቁጭ ብሎ አነበበው። ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነበር። የደም ምርመራው ሆርሞኖቼ መውረዳቸውን አሳየ። አዲስ አበባ ሄጄ በኤም አር አይ ስታይ እጢዋ የምትቀመጥበት ቦታ ባዶ ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል።

ሺሃን ሲንድረም ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1937 ሃሮልድ ሺሃን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በዝርዝር ጽፎታል። ፒቱታሪ የምትባል፣ ሽምብራ የምታክል እጢ ከአንጎላችን ሥር አለች። ወተትን፣ የወር አበባን፣ ታይሮይድን፣ ኮርቲሶልን የምታዘው እሷ ናት። በእርግዝና ጊዜ ታድጋለች፤ የምትፈልገው ደምም ይጨምራል። እናት ስትወልድ ብዙ ደም ሲፈሳት ለእጢዋ የሚደርሰው ደም ያጥርና እጢዋ ትሞታለች።

ታዲያ ይህ በሽታ ብርቅ የሆነው የት ነው? ደም የሚፈሳት እናት ቶሎ ደም በምታገኝበት አገር ነው። በእኛ አገር ደም መፍሰስ ከእናቶች ሞት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ እንደሆነ ሪፖርቶቻችሁ ራሳቸው ይናገራሉ። የሞቱትን ትቆጥራላችሁ። ደም ፈስሷቸው የተረፉትንስ ማን ጠየቃቸው? ስንቷ እናት ናት ዛሬ ገንደ ቆሬ ወይም መልካ ጀብዱ ላይ በሙቀት ጋቢ ደርባ «ሰነፍ» እየተባለች የምትኖረው? «ለአንድ ሰው» የተባለው ቃል ያንገበገበኝ ለዚህ ነው። አንድ ሰው ያደረገኝ የጠየቀ አለመኖሩ ነው።

የምጠይቅዎ ብዙ አይደለም። በወሊድ ደም የፈሰሳት እናት ለክትትልም ለክትባትም ስትመጣ ወተት እንዳላት፣ ቆይቶም የወር አበባዋ እንደተመለሰ ትጠየቅ። ባለሙያዎቻችሁ ከ5 ደቂቃ በላይ አይፈጅባቸውም። ሁለተኛው ደግሞ በሁሉም ድንገተኛ ክፍል ግልጽ መመሪያ ይለጠፍ፦ ኮርቲሶል የማያመርት ሰው እንዲህ ያለ የሐኪም ወረቀት ይዞ ሲመጣ፣ ወረቀቱ ከየትም ይምጣ፣ መርፌው ይቅደም፤ ካርዱ ይከተላል።

ልጄ የወረቀቱን ቃል በቃሏ ይዛዋለች። ማንም አላዘዛትም። ማታ ማታ ከመተኛቷ በፊት «ሃይድሮኮርቲዞን መቶ ሚሊግራም» ትለኛለች፣ እንዳልረሳው ብላ። አባቷ ሥራ ላይ ሆኖ ብታመም እሷ ናት መስኮቱ ጋ ቆማ የምትናገረው። አንዲት ሕፃን ይህን ተሸክማ መተኛት የለባትም።

የሦስቱን ደብዳቤዎች ቅጂ ከዚህ ጋር አያይዤአለሁ። የዚህኛውን መልስ በጽሑፍ እፈልጋለሁ።

አንዲት እናት
ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ