የጡት ኤምአርአይ፦ ከመክፈላችን በፊት ይነገረን

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በጋዜጣችሁ የጤና ዓምድ ስለ ጡት ካንሰር ምርመራ የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ኤምአርአይ ማሞግራፊ (የጡት ኤክስሬይ) የማያየውን ካንሰር እንደሚያይ ገልጸው፣ አቅም ያላት ሴት ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ ብትታይ መልካም እንደሆነ መክረዋል። የመጀመሪያው አባባል በአብዛኛው እውነት ነው፤ ሁለተኛው ግን የብዙ ሴቶችን ገንዘብና እንቅልፍ የሚወስድ ምክር ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ሐኪም አይደለሁም፤ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ መምህርት ነኝ። እናቴን በዚህ በሽታ አጥቻለሁ፣ እኔም ባለፈው ዓመት ሁለት ጊዜ ማሽኑ ውስጥ ገብቻለሁ።

ኤምአርአይ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ በሰውነታችን ውኃና ስብ ውስጥ ያለው የሃይድሮጅን አስኳል እንደ ጥቃቅን ማግኔት የሚታይ ነው። ማሽኑ፣ ብዙውን ጊዜ 1.5 ቴስላ (የመግነጢሳዊ መስክ መለኪያ) በሆነና ከምድር መግነጢሳዊ መስክ ከ30,000 ጊዜ በላይ በሚበረታ ኃይል፣ እነዚህን ማግኔቶች አሰልፎ በሬዲዮ ሞገድ ይነካካቸዋል፤ ወደ ቦታቸው ሲመለሱ የሚሰጡትን ድምፅ አልባ ምልክት ተቀብሎም ምስል ይሠራል። ኤክስሬይ የለበትም፤ ይህ ትልቅ ጥቅሙ ነው። ለጡት ግን ይህ ብቻውን አይበቃም፤ ጋዶሊኒየም የተባለ ብረት ያለበት ኮንትራስት፣ ማለትም ምስሉን የሚያጎላ ፈሳሽ፣ በክንድ ደም ሥር መሰጠት አለበት። ካንሰር ለማደግ አዳዲስ የደም ሥሮችን ያበቅላል፤ እነዚህ ሥሮች ግድግዳቸው ያልጠነከረ በመሆኑ ያፈስሳሉ፣ ኮንትራስቱም ወደ ዕጢው ፈጥኖ ይገባል፣ ብዙ ጊዜም ፈጥኖ ይወጣል። ምስሉን የሚያነበው ሐኪም፣ ራዲዮሎጂስቱ፣ የሚከታተለው ይህንኑ አገባብና አወጣጥ ነው። የወጣት ሴት ጡት ብዙውን ጊዜ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ በማሞግራፊ ፊልም ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ዕጢውም ነጭ ነው። በነጭ ነጠላ ላይ የወደቀ የጥጥ ብናኝ እንደ መፈለግ ነው። ኤምአርአይ የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው።

ለዚህ ማስረጃ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2004 በኔዘርላንድስ 1,909 በዘር ወይም በቤተሰብ ታሪክ የተጋለጡ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት፣ ኤምአርአይ ከወራሪ ካንሰሮች 79.5 በመቶውን ሲያገኝ ማሞግራፊ 33.3 በመቶውን፣ በሐኪም እጅ የሚደረገው ዳሰሳ ደግሞ 17.9 በመቶውን ብቻ እንዳገኘ አሳይቷል። ሰዎች ይህን ቁጥር ይጠቅሱና ከጎኑ ያለውን ይተዉታል። በዚያው ጥናት ካንሰር የሌለባቸውን ሴቶች «የለባችሁም» ብሎ በትክክል የመለየቱ አቅም ለማሞግራፊ 95 በመቶ ሲሆን ለኤምአርአይ 89.8 በመቶ ነበር። ይህም ማለት ከመቶ ጤነኛ ሴቶች አሥር ያህሉ ያለ ምክንያት ይደነግጣሉ፣ ከእነሱም በርካቶቹ ለተጨማሪ ምርመራና ከጡታቸው ናሙና ለማስወሰድ ይላካሉ። በተቃራኒው ማሞግራፊ በደንብ የሚያያቸውና የቅድመ ካንሰር ምልክት የሚሆኑ ጥቃቅን የካልሲየም ነጠብጣቦች በኤምአርአይ ላይ በቀጥታ አይታዩም። አንዱ ሌላውን አይተካም።

የአሜሪካ የካንሰር ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው መመሪያም በየዓመቱ ኤምአርአይ እንዲደረግ የመከረው፣ ከማሞግራፊ ጋር ተጨምሮ፣ በዕድሜ ዘመናቸው በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው ከ20 እስከ 25 በመቶና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ብራካ 1 ወይም ብራካ 2 የተባለው ጂን ለተበላሸባቸው፣ እንዲሁም ከ10 እስከ 30 ዓመት ዕድሜያቸው ባለው ጊዜ ደረታቸው ላይ የጨረር ሕክምና ለወሰዱ ሴቶች ነው። «አቅም ላላት ሁሉ» የሚል ቃል የለበትም።

እኔ ከተጋለጡት ወገን ነኝ። እናቴ በ44 ዓመቷ፣ አክስቴ በ51 ዓመቷ ታመዋል። ስለዚህ ሐኪሜ ኤምአርአይ ሲያዝልኝ ትክክል ነበር፤ ችግሩ የመጣው ከትእዛዙ በኋላ ነው። በመሀል ከተማ ወደሚገኝ አንድ የምርመራ ማዕከል ሄድኩ፤ ስሙን እዚህ ማንሳት አስፈላጊ አይደለም። ከወር ደመወዜ የሚበልጥ ገንዘብ ከፈልኩ። የኩላሊት ምርመራ ውጤት ጠየቁኝ፣ ይህ ተገቢ ነበር። ከዚያ አንዲት ወጣት ባለሙያ አንገቴን አይታ «እህቴ፣ ማተቡ ምንም አይልም፣ መስቀሉ ብቻ ይውለቅ» አለችኝ። መስቀሉ የእናቴ የብር መስቀል ነው። ብር በማግኔት እንደማይሳብ ለተማሪዎቼ ሳስተምር የኖርኩ ብሆንም፣ አንጥረኛው ምን እንደቀላቀለበት ማን ያውቃል ብዬ አውልቄ በመሐረብ ጠቀለልኩት። «በጀርባሽ ተኚ» ተባልኩ፤ ተኛሁ። የወር አበባዬ መቼ እንደነበር የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

እነዚህ ሁለት ነገሮች ቀላል ይመስላሉ፤ አይደሉም። ለጡት የሚሠራ ኤምአርአይ በሆድ ተኝቶ፣ ጡቶቹ የጡት ኮይል በተባለው፣ ሁለት ክፍት ቦታ ባለውና ምልክቱን በሚቀበለው ዕቃ ውስጥ ወርደው የሚነሳ ነው። በጀርባ ሲተኛ ጡቱ ደረት ላይ ይተኛል፣ ከትንፋሽ ጋርም ይንቀሳቀሳል፤ ለጡት ባልተሠራ ኮይል የተነሳ ምስልም ትንሽ ዕጢን ለመለየት አይታመንም። የቀኑ ጉዳይም እንዲሁ ነው፤ የወር አበባዋን ገና በምታይ ሴት ላይ ምርመራው የሚመረጠው የወር አበባ ከጀመረበት ቀን ተቆጥሮ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ በሌላው ጊዜ ጤነኛው የጡት ሥጋ ራሱ በሆርሞን ምክንያት ኮንትራስት ስለሚስብ በምስሉ ላይ ያበራል። እኔ የሄድኩት በ24ኛው ቀን ነበር።

ውጤቱ «በግራ ጡት አጠራጣሪ ቦታ ይታያል፣ ናሙና ይወሰድ» የሚል ነበር። ቦታው በአልትራሳውንድ ሲፈለግ አልተገኘም። በኤምአርአይ እየታየ ናሙና የሚወሰድበት መሣሪያ ማዕከሉ እንደሌለው ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ የሚያገኘውን ነገር ናሙና ሊወስድበት የማይችል ማዕከል ሴቷን በጭንቀት ብቻ ይሸኛታል። ፖስታውን ታቅፌ ከሜክሲኮ ወደ ጥቁር አንበሳ፣ ከጥቁር አንበሳ ወደ ስታዲየም ስመላለስ ስድስት ሳምንት አለፈ። ማታ ማታ የተማሪዎቼን ፈተና እያረምኩ አንድ ወረቀት ሁለት ጊዜ ሳርም ራሴን አገኘው ነበር። በመጨረሻ ፊልሙን በብርሃን ላይ ያነሱ አንድ አዛውንት ሐኪም መጀመሪያ የጠየቁኝ «ሲነሱ በጀርባዎ ነበር ወይስ በሆድዎ?» ብለው ነው። ሁለተኛው ጥያቄያቸው ስለ ቀኑ ነበር። በሌላ ቦታ፣ በ9ኛው ቀን፣ በሆዴ ተኝቼ ስነሳ ያ አጠራጣሪ ቦታ አልነበረም።

ይህን የምጽፈው ማሽኑን ለማጥላላት አይደለም። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከ1,000 በላይ የጡት ካንሰር ታካሚዎችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት የሴቶቹ ዕድሜ በአማካይ 43 ዓመት ገደማ እንደነበር ያሳያል፤ ከእኔ ዕድሜ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። በሽታው በወጣትነት በሚመጣበት አገር፣ ተጋላጭ የሆኑት ተለይተው በትክክለኛ መንገድ ቢታዩ የሚተርፈው ሰው ጥቂት አይሆንም። ነገር ግን መለየቱ የሚጀምረው ገንዘብ ከማይጠይቅ ጥያቄ ነው፦ በቤተሰብ ማን ታሟል፣ በስንት ዓመቱ? እኔ በተለያዩ ክሊኒኮች ለዓመታት ስታይ ይህን የጠየቀኝ አንድ ሐኪም ብቻ ነው። በእኛ ዘንድ ካንሰር በስሙ ስለማይጠራ፣ «በሆዷ ታማ ነው»፣ «እንዲሁ ተመናምና ነው» እየተባለ የሚቀበር ዘመድ ስለሚኖር፣ ጠያቂው ቢኖር እንኳ መላሹ ላያውቅ ይችላል። የአክስቴን በሽታ ስም እኔ የሰማሁት ከተቀበረች ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ለዚያውም በተዝካር ላይ ነው።

የተጋላጭነት ታሪክ ለሌላት፣ ግን ጡቷ ላይ እብጠት ላገኘች ሴት ደግሞ ቅድሚያው ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በጀመረው የጡት ካንሰር ዕቅድ፣ ሴቷ መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ከቀረበችበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ የበሽታው ምንነት እንዲታወቅ ይጠይቃል። ለዚህ የሚያስፈልገው የሐኪም እጅ፣ አልትራሳውንድ፣ ማሞግራፊ፣ በመርፌ የሚወሰድ ናሙናና ናሙናውን ቶሎ የሚያነብ ፓቶሎጂስት ነው። እብጠቱ በእጅ እየተዳሰሰ፣ «መጀመሪያ ኤምአርአይ እንነሳ» ተብሎ ገንዘብ እስኪሰበሰብ ሁለት ወር የሚጠበቅ ከሆነ፣ ምርጡ ማሽን ራሱ መዘግየት ይሆናል።

ስለዚህ በጋዜጣችሁ በኩል የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። የምርመራ ማዕከላት ለጡት ኤምአርአይ ገንዘብ ከመቀበላቸው በፊት የጡት ኮይል ያላቸው መሆኑን ይንገሩን፤ ቀጠሮውን በወር አበባችን ይቁጠሩት፤ አጠራጣሪ ነገር ቢገኝ ናሙናው የት እንደሚወሰድ በጽሑፍ ያሳውቁን። የሚመለከተው የጤና ባለሥልጣንም ይህን በፈቃድ መስጫ መስፈርቱ ውስጥ ያስገባው። እናንተም የጤና ዓምዳችሁን ለራዲዮሎጂስት አሳይታችሁ ብታወጡ መልካም ነው።

ታናሽ እህቴ በመጪው ኅዳር 34 ዓመት ይሞላታል፤ እናታችን ከታመመችበት ዕድሜ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ ክትትል መጀመር እንዳለባት ሐኪሙ ነግረዋታል። ባለፈው ሰኞ ለአንድ ማዕከል ስልክ ደውላ «የጡት ኮይል አላችሁ?» ብላ ጠየቀች። ስልክ ያነሳችው ልጅ ጥቂት ዝም ብላ፣ «እሱ መጥተው ከከፈሉ በኋላ ነው የሚታወቀው» አለቻት።

ከአክብሮት ጋር፣
የፊዚክስ መምህርት
ሰንጋ ተራ፣ አዲስ አበባ