«ማታለያ» የምትለዋ ቃል ትነሣልን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። የሥነ ጥበብ ገጻችሁን እዚህ ለንደን ሆኜ በስልኬ እከታተላለሁ። ሰሞኑን ስለ ኦፕ አርት (መስመርና ቅርጽ እየደጋገመ ዓይን ላይ እንቅስቃሴ ስለሚፈጥረው የሥዕል ዓይነት) ያወጣችሁትንም አነበብኩ። ለእንግሊዛዊቷ ሠዓሊ ለብሪጅት ራይሊ የሰጣችኋቸው አራት መስመር ነው። እሱም «ዓይን የሚያታልሉ ሥዕሎች ሠዓሊ» ብሎ ያልፋቸዋል። አብራ የወጣችው ሥዕልም የአውራ ጣት ጥፍር ብታክል ነው። ቅር አለኝ።

ማታለል ማለት አንዱን ደብቆ ሌላውን ማሳየት ነው። የራይሊ ሥዕል የሚደብቀው ነገር የለም። «ሙቭመንት ኢን ስኩዌርስ» የተባለውን የ1961 ሥራቸውን ተመልከቱ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ጥቁርና ነጭ ካሬ ነው፣ ልክ እንደ ዳማ። ከግራ ወደ ቀኝ ስትሄዱ የካሬዎቹ ቁመት ያው ነው። ስፋታቸው ብቻ እየጠበበ፣ እየጠበበ ሄዶ ክር ያክላል። ከዚያ መልሶ ይሰፋል። ሌላ ምንም የለም። ግን ካሬዎቹ በጠበቡበት ቦታ ሰሌዳው ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ እንደ ተከፈተ መጽሐፍ መሃል።

ከልጄ ጋር በሒሳብ ደብተሯ ላይ ሞክረነዋል። መጀመሪያ እኩል በእኩል እያጠበብን ሄድን። ምንም አልተንቀሳቀሰም፤ ዝም ብሎ የተሰለፈ ሳጥን ሆነ። ሁለተኛውን መጀመሪያ ቀስ ብለን፣ መጨረሻ ላይ ቶሎ ቶሎ አጠበብነው። በእስክሪብቶ ቀልመን ስንጨርስ ልጄ ደብተሩን ገልብጣ ጀርባውን አየች። ወረቀቱ የታጠፈ መስሏት ነው። ልዩነቱ ያለው እዚያ ፍጥነቱ ላይ ነው። ራይሊ ያንን ፍጥነት በቀመር አይደለም የሚያገኙት። እየሞከሩ፣ እያዩ፣ ያልሆነውን እየጣሉ ነው።

ማየቱን የተማሩት በልጅነታቸው ነው። በ1931 ለንደን ተወለዱ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ አባታቸው ዘመቱ፤ በጃፓኖች ተማርከው በበርማው የባቡር ሐዲድ ሥራ ላይ ተገደዱ። ልጅቷ ከእናቷ፣ ከእህቷና ከአክስቷ ጋር ኮርንዎል ባሕር ዳር አደገች። እናትየው ሠዓሊ አልነበሩም፤ ግን ያዩ ነበር። በእግር ሲሄዱ ልጆቹን እያስቆሙ የባሕሩን ቀለም፣ የጥላውን ቀለም ያሳዩዋቸው ነበር። እኔ ከትምህርት ቤቶቻቸው ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ፤ ጎልድስሚዝስንም ሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርትንም ቢማሩም።

ከትምህርት በኋላ የመጡት ዓመታት ከባድ ነበሩ። አባታቸው የመኪና አደጋ ደረሰባቸው፤ ሲያስታምሙ ራሳቸውም ታመሙ። ማስታወቂያ ድርጅት ውስጥም ሠርተዋል። መንገዱ የተከፈተላቸው በ1959 ነው። የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የዦርዥ ሰራን የኩርብቯ ድልድይ ሥዕል ከመጽሐፍ ላይ እያዩ፣ በትልቁ አድርገው ገለበጡት። ሰራ ቀለሞቹን አይቀላቅልም፤ ነጥብ በነጥብ ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል። የሚቀላቅላቸው ተመልካቹ ነው። ራይሊ የያዙት ይህንኑ ነው። ሥዕሉ ግማሹ ሰሌዳው ላይ ነው፤ ግማሹ እናንተ ዓይን ውስጥ ነው የሚሠራው። ታዲያ ማን ማንን አታለለ?

አሠራራቸውም ሊነገርላቸው ይገባል። መጀመሪያ በትንንሽ ወረቀት ላይ ይሞክራሉ። ቀለም የገባባቸው ሥራዎች ሲሆኑ ባለቀለም ወረቀት ቆርጠው ወዲያ ወዲህ ያደርጋሉ። አንድ ሰማያዊ ከአንድ ቀይ አጠገብ ሲቆም ምን እንደሚሆን ያያሉ። ከተስማማቸው በኋላ ረዳቶቻቸው በትልቁ ይሠሩታል። ጠርዙን ቀጥ ለማድረግ ፕላስተር እንኳን አይለጠፍም፤ ሁሉም በእጅ ነው። ደግሞ አይቸኩሉም። ዓመታት በጥቁር፣ በነጭና በግራጫ ብቻ ቆይተው ሙሉ ቀለም ያስገቡት በ1967 ነው። «ፎል» የተባለውን የ1963 ሥራቸውን ቴት ሙዚየም ቆሜ አይቼዋለሁ። አንድ የተጠማዘዘ መስመር ነው፣ ጎን ለጎን እየተደጋገመ። ላይኛው ክፍል ሰፋ ብሎ ይወርዳል፤ ታችኛው ይጨናነቃል። ታችኛው ጋ ስደርስ ጉልበቴ ከዳኝ፤ የደረጃ ጫፍ የሳትኩ ያህል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። በ1965 የኒውዮርኩ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ትልቅ የኦፕ አርት ዓውደ ርእይ አዘጋጀ። የዓውደ ርእዩ ካታሎግ ሽፋን የራይሊ ሥዕል ነበር። እሳቸው ኒውዮርክ ሲደርሱ የልብስ ቤት መስኮት ሁሉ የእሳቸውን መስመር ለብሶ ጠበቃቸው። ሥዕላቸውን የገዛ አንድ የልብስ ነጋዴ ሳይቀር ሥዕሉን በጨርቅ አሳትሞ ቀሚስ አሰፋበት። ጠበቃ ያዙ፤ ሕጉ ግን አላስጣላቸውም። ስማቸው ከፋሽን ጋር ተለጠፈ። «ማታለያ» የምትለው ቃልም የምትመጣው ከዚያው ሠፈር ነው።

አባቴ ሸማኔ ነበር። እሱ ያወጣው ጥለት በአንድ ክረምት በፋብሪካ ጨርቅ ታትሞ ገበያ ላይ ተዘርግቶ አየነው። ማን እንዳሳተመው አናውቅም። አባቴ ጨርቁን በጣቱ ዳሰስ አድርጎ፣ «ከፊቱ ነው እንጂ ከጀርባው እኮ የለም» አለ። ስለ ራይሊ ቀሚሶች ሳነብ ትዝ የሚለኝ ያ ነው።

በ1968 ራይሊ ቬኒስ ቢየናሌ የተባለውን የጣሊያን ትልቅ የሥነ ጥበብ ዓውደ ርእይ ዓለም አቀፍ የሥዕል ሽልማት ወሰዱ፤ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነው። በዚያው ዓመት ከሠዓሊው ፒተር ሴድግሊ ጋር ሆነው ለሌሎች ሠዓሊዎች በርካሽ የሚከራይ መሥሪያ ቦታ የሚያዘጋጅ ድርጅት አቋቋሙ። በ2023፣ በ92 ዓመታቸው፣ ሮም የሚገኘው «የብሪታንያ ትምህርት ቤት» የሚባለው የምርምር ተቋም የውስጥ ጣሪያ ላይ ሥራቸው ተገለጠ።

ሆስፒታልም ሠርተዋል። ፓዲንግተን ያለው የቅድስት ማርያም ሆስፒታል ውስጥ ሦስት ኮሪደር በእሳቸው ንድፍ ተቀብቷል። አንድ ጊዜ ለአንዲት የአገሬ ሴት፣ ለትልቅ እናት፣ ላስተረጉም እዚያ ሄጄ ነበር። ውጤት እየጠበቅን ነው። እማማ አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ነጠላቸውን ጨብጠዋል። ከዚያ ተነሥተው ግድግዳው ላይ ያሉትን ረጃጅም ባለቀለም መስመሮች ተከትለው ቀስ እያሉ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ሄዱ። ተመለሱና «ልጄ፣ ይሄ መስመር እኮ አብሮ ይሄዳል» አሉኝ። ስማቸው እስኪጠራ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ።

ስለዚህ ልመናዬ ይኸው ነው። «ሙቭመንት ኢን ስኩዌርስ»ን በሙሉ ገጽ አትሙልን። በስልክ መስኮት ያ መታጠፍ አይታይም። ከሥሩ «ማታለያ» አትበሉ፤ የሥዕሏን ስምና ዓመት ብቻ ጻፉ። ከማተማችሁ በፊት ግን አደራ፣ ለሥዕሏ ባለመብት ጽፋችሁ ፈቃድ ጠይቁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከለንደን