በእኛም ጓዳ የፋብሪካ ምግብ ነበረ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው ሳምንት ስለ ልጆች አመጋገብ ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ አንዲት ነገር ልበል። ጸሐፊው የእኛ ትውልድ ከእናቱ ጓዳ በቀር ሌላ ምግብ ሳያውቅ እንዳደገ ጽፈዋል። የታሸገ ምግብ ያመጣው የዛሬ እናቶች ስንፍና ነው ባይ ናቸው። እኔ በደርግ ጊዜ ፒያሳ፣ ሠራተኛ ሰፈር ነው ያደግኩት። እሳቸው የሚሉት ዓይነት ጓዳ ግን ትዝ አይለኝም።

በእኛ ጓዳ ፋፋ ነበረ። ፋፋ ደግሞ የፋብሪካ ምግብ ነው። በ1950ዎቹ በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር ከተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ተቋም የወጣ ነው፤ ጡት የሚተዉ ልጆች ፕሮቲን እንዳያንሳቸው ተብሎ። ስንዴ፣ ጥራጥሬ፣ የወተት ዱቄት፣ ስኳርና ቫይታሚን አለበት። እኛ ትልልቆቹ ታዲያ ገንፎ እስኪሆን መች እንታገሣለን? የታናሻችንን ድርሻ በደረቁ እንቅመው ነበር። አፋችን እንደሞላ አንዱ ካሳቀን አለቀልን። ዱቄቱ በአፍንጫ ይወጣል፣ ሌብነታችንም ይታወቃል።

መርቲም ነበረ። ማርማላታው ዳቦ ላይ በስሱ ይቀባል፤ በማንኪያ የላፈ ይቆነጠጣል። ሳልሳው ለፓስታ ነው። ፓስታው ራሱ በእንጀራ ይበላል (ጣልያን ቢያይ ምን ይል እንደሆነ እንጃ፣ እኔ ግን እስከ ዛሬ እንደዚያ ሲሆን ነው የሚጥመኝ)። ሰርዲን የተገዛ ቀን ከዓሣው ይልቅ ቆርቆሮውን ነበር የምንጠብቀው። አራት ቆርኪ ይገጠምለትና መኪና ይሆናል።

እርግጥ እንደ አሁኑ በየቀኑ አልነበረም። ለስላሳ የሚጠጣው ለበዓል ወይም እንግዳ ሲመጣ ነው፤ ያውም ባዶ ጠርሙስ ተይዞ ተሂዶ። ስኳር ከቀበሌ ሱቅ በኮታ ነው። እናቶቻችን ከጣፋጭ የጠበቁን በጥበብ ብቻ አይመስለኝም፤ እጥረቱም አግዟቸዋል።

ደግሞስ ቶሎ የሚደርስ ምግብ ከውጭ የመጣ ነው ያለው ማነው? በሶ ምንድን ነው? ገብሱ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ ተቀምጧል። የሚቀረው ውኃ ብቻ ነው። ድርቆሽስ? ጭኮስ? መንገደኛና ተማሪ እሳት የሚያነድበት ጊዜ እንደሌለው የድሮ ሰውም ያውቅ ነበር። ጸሐፊውም ቢሆኑ ሽሯቸውን ከባልትና ቤት ሳይገዙ አይቀሩም ብዬ እጠረጥራለሁ።

ኢንዶሚ ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም። ጨዉ ብዙ ነው፣ ልጅም አያጠግብም። ፋፋ ሲሠራ ግን የተጠየቀው ሕፃኑ ምን ጎደለው የሚል ነበር። ዛሬ የልጆች ምግብ ማሸጊያ ላይ ቀድሞ ዓይን የሚገባው ካርቱኑ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ከሥራ ወጥታ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ስትገተር ያመሸች እናት ቤቷ ገብታ ምን ታድርግ? እሷን ከምትወቅሱ ሱፐርማርኬት ሂዱልን። የልጆች ብስኩትና ጭማቂ እያነሣችሁ እዩ። ስኳሩ ስንት እንደሆነ በአማርኛ፣ ያለ መነጽር በሚነበብ ፊደል የጻፈው የትኛው ነው? ዝርዝሩን ካወጣችሁት ቆርጬ ፍሪጅ ላይ እለጥፈዋለሁ።

የድሮ የሠራተኛ ሰፈር ልጅ
አዲስ አበባ