የወደቀ ሰው እንዴት ነው የሚነሳው?

ሰላም ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

የልስን ሠራተኛ ነኝ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ፎቅ ላይ ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ዛሬ የምጽፈው አንድ ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው።

ባልደረባዬ ከሦስተኛ ፎቅ ወደቀ። የቆመበት የባህር ዛፍ አጣና ነው የተሰበረው። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲመታው የከረመ እንጨት ነው፣ ማንም ሳይፈትሸው በዛገ ምስማር እንደገና ተመታ። ስንደርስ ነፍሱን ያውቃል፣ ያወራናል። «እግሬ አይሰማኝም» አለን። እኛ ደንግጠን ሁለታችን በብብቱ፣ ሁለቱ በእግሩ አፈፍ አድርገን አነሳነውና ላዳ ውስጥ አጥፈን አስቀመጥነው። አጠገቡ ነበርኩ። መኪናዋ ጉድጓድ በገባች ቁጥር አንገቱ ደረቱ ላይ ሲወድቅ አያለሁ፣ እጄ ባዶ ነው፣ ግን አልያዝኩለትም። ትንፋሹ እያጠረ መጣ። በሦስተኛው ቀን አረፈ። የአንገት አጥንቱ ተሰብሮ ነበር።

የገደለው መውደቁ ይሁን አነሳሳችን፣ ሐኪሙን ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ።

በኋላ አንዲት ነርስ አስረዳችኝ። የምንተነፍስበትን ጡንቻ የሚያዙት ነርቮች የሚወጡት ከአንገት ነው፣ ከ3ኛው እስከ 5ኛው አጥንት አካባቢ። አጥንቱ ተሰብሮ ውስጡ ያለው ነርቭ ገና ደህና ሊሆን ይችላል። ያኔ ሰውየውን ካጠፍነው ወይ ካጣመምነው የተሰበረው አጥንት ነርቩን ሊጎዳው ይችላል። ስለዚህ እሳት ወይም ሌላ አደጋ ከሌለ ካለበት አለማንቀሳቀስ፣ 907 ወይም 939 መደወል። ማንሳት ግድ ከሆነ አንድ ሰው ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ አይለቅም፣ ሌሎቹ በአንድ ቃል እኩል ጎኑን አዙረው ጣውላ ያስገቡለታል። ገጠር በሽተኛ በቃሬዛ የሚወሰደው እኮ ተጋድሞ ነው። ከተማ ገብተን ረሳነው መሰለኝ።

መኪና ሲገለበጥም ያው ነው፣ በተለይ አይሱዙ ጭነት ላይ ተቀምጠው የሚሄዱት። የሚይዛቸው ቀበቶ የለም፣ ወርውሮ ነው የሚጥላቸው። ከዚያ መንገደኛው ሮጦ ይመጣና ክንዳቸውን ይጎትታል። ክፋት የለበትም፣ ማንም አላስተማረውም።

አሠሪዎችንም አንድ ነገር ልበል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደህንነት መሣሪያ ማቅረብን የአሠሪው ግዴታ አድርጎታል። እኛ ጋ ግን ቀበቶ የሚመጣው ተቆጣጣሪ ሲመጣ ነው። ሁሌ ጠዋት መወጣጫውን የሚፈትሽ አንድ ሰው ይመደብ፣ ከክረምት የተረፈ አጣና ለማገዶ ይሂድ።

ከጋዜጣችሁ የምለምነው አንድ ነገር ነው። የወደቀ ሰው እንዴት እንደሚነሳ የሚያሳይ ሥዕል በአንድ ገጽ አውጡልን፣ ጽሑፉ ትንሽ ይሁን፣ ማንበብ የማይችሉ ጓደኞች አሉን። አሁን ያለሁበት ሳይት ጥበቃው ቤት አጠገብ ሁለት ሜትር ጣውላ አቁመናል፣ ለሥራ እንዳይነካ ተስማምተናል። ሥዕሉን እዚያ ላይ እንለጥፈዋለን።

የልስን ሠራተኛው፣ ከአዲስ አበባ