«ቲቸር፣ እነሱስ?»

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ማን ቀድሞ እንደጠፋ ስንገናኝ እንጣላበታለን፤ አሁን ፍልስፍና ያነበበ ሰው ቸግሮኝ ነው የምጽፍልሽ።

ያው ሲቪክስ አስተምራለሁ። ሰሞኑን አስረኛ ክፍል ገብቼ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 10 ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። መብት ከሰው ተፈጥሮ ይመነጫል፣ አይገፈፍም የሚለውን። በመስኮቱ በኩል ደግሞ ያረፈዱ ልጆች ጠጠር ላይ ተንበርክከው ይታያሉ። አንዷ በጣቷ እያሳየችኝ «ቲቸር፣ እነሱስ?» አለች። ከኋላ አንዱ ቀበል አድርጎ «አርፍደዋላ!» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

መጽሐፉን ዘጋሁት። መብት የጨዋ ልጅ ሽልማት ነው እንዴ? ብዬ እንዲከራከሩ ለቀቅኳቸው። አንዱ «ሕግ ካልጻፈው መብት የሚባል ነገር የለም» ብሎ ድርቅ አለ። ይህንኑ ያለውን እንግሊዛዊ ፈላስፋ ቤንታምን በስም እንኳ አያውቀውም! «ሕጉ ነገ ቢሰረዝ አንተን መደብደብ ነውር አይሆንም ማለት ነው?» አሉት። ዝም ብላ የምትውል ልጅ ደግሞ «የሚያንበረክኳቸው እኛ እንድንፈራ ነው፤ ለእነሱ ተብሎ አይደለም» አለች። ሰውን መሣሪያ አታድርግ የሚለውን የፈላስፋውን የካንትን ነገር ስንት ሴሚስተር እንደለፋንበት ታስታውሺያለሽ።

ፈረንሳዊው ፈላስፋ ማሪታን ስለ ዩኔስኮ የሰብአዊ መብት ስብሰባ የሚያወራት ነገር ትዝ አለችኝ። በመብቶቹ እንስማማለን፣ ለምን ብሎ የሚጠይቀን እስከሌለ ድረስ፣ ተባለ አሉ። እንዲያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1948 ፓሪስ ላይ ሁለንተናዊው የሰብአዊ መብቶች መግለጫ ጸደቀ። ኢትዮጵያን ጨምሮ 48 አገሮች ደገፉት፣ 8 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ፣ የተቃወመ የለም። ለዲፕሎማት ይህ ያዋጣል። ክፍል ውስጥ ግን «ለምን» ያልተባለ መብት ለፈተና ይሸመደድና ከወረቀቱ ጋር ይቀራል። የእኛ መጽሐፍ ደግሞ ዝርዝር ብቻ ነው።

አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ ናቸው ስለሚል ለዩኒት ሊደሩ አሳየሁት። «እንዳያረፍዱ አስተምሪያቸዋ» ብሎኝ አረፈ። ተማሪዎቹ ግን ክፍል ጠርተው ሊከራከሩት ነው። ሐሳቡ የራሳቸው ነው፤ እሱም እሺ ብሏል።

እስከዚያ ለቤንታሙ ልጅ ጠንካራ መከራከሪያ ፈልጊልኝ። ብቻውን ቀርቷል፣ ሁሉም ተረባርበውበት አሳዘነኝ።

ናፋቂሽ