ዘጠነኛዋን ጥያቄ አንዝለላት

ውድ ነርስ ባልደረቦቼ፣ እንደምን ከረማችሁ?

ባለፈው ሳምንት ተረኛ ሳለሁ አንዲት እናት መጡ። «ራሴን ያመኛል፣ ልቤን ያቃጥለኛል» አሉኝ። ግፊታቸው ደህና ነው፣ ትኩሳትም የለም። የነጠላቸውን ጫፍ እየጠቀለሉ እየፈቱ መሬት መሬት ያያሉ። መጋረጃውን ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩና «እንቅልፍስ እንዴት ነው እማማ?» አልኳቸው። ከቃላቸው እንባቸው ቀደመ።

የእኛ ሰው ብዙ ጊዜ ጭንቀቱን በአካሉ ነው የሚናገረው። ስለዚህ ከእንቅልፍና ከምግብ ፍላጎት እንጀምር። የድባቴ (ዲፕሬሽን) መለኪያ መጠይቁ 9 ጥያቄዎች አሉት፤ ያለፉትን 2 ሳምንታት ነው የሚጠይቀው። የመጨረሻዋ ስለ ሞትና ራስን ስለ መጉዳት ናት። አፍረን የምንዘላት እሷን ነው። እባካችሁ በቀጥታ ጠይቁ። መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም፤ እንዲያውም ብዙዎቹ እፎይ ይላሉ። «አዎ» ያለን ሰው ብቻውን አትተዉት። ዕቅድ እንዳለው፣ ቤት ውስጥም ፀረ ተባይ መድኃኒት እንዳለ ጠይቁ። ካለ፣ ቤተሰብ ዛሬውኑ ያርቀው።

የድባቴ መድኃኒቱ ፍሉኦክሰቲን ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ይወስዳል። ይህን ካልነገርናቸው «አልሠራልኝም» ብለው ይተዉታል። ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጠውን ሃሎፔሪዶል የጀመረ ሰው አንገቱ ከተጣመመ የመድኃኒቱ ጠንቅ ሊሆን ይችላል፤ ቶሎ ይታከማል። ቤተሰብ ግን «መንፈስ ነው» ብሎ ይደነግጣል፤ አስቀድመን እንንገራቸው። ጠበል የሚሄደውንም አንቆጣ። ኪኒኑን ይዞ እንዲሄድ እንለምነው።

እማማ ማክሰኞ ይመለሳሉ። እኔ ተረኛ አይደለሁም። የምትቀበሏቸው አደራ፣ ለብቻቸው አናግሯቸው።